የድሮ ትራክተር ካርቡሬተር ስትፈቱ

በቤንዚን የሚሠራ የድሮ ትራክተር ካላችሁ፣ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ከመፍታታችሁ በፊት የቤንዚንና የአየር ማመጣጠኛዋን ብሎን በቀስታ እስክትቆም አጥብቁ። ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉና ከዚያ አውጧት። ስትገጥሙ እዚያው ትመልሷታላችሁ። አደራ፣ እንዳትጨቁኗት! ጫፏ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል።

ጅግለሮቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ባለ ቀዳዳ ትናንሽ የነሐስ ክፍሎች) በሽቦ መጎርጎር ይቅርባችሁ። ነሐስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያመጣል። በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር ንፉ። ዓይናችሁን ግን በመነጽር ሸፍኑ። ተንሳፋፊውም (ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ክፍል) አስቀድሞ ይውጣ፤ የአየሩ ግፊት ሊያጨማድደው ይችላል።

እሱን ካወጣችሁ አይቀር ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል ማለት ነው። የነሐስ ከሆነ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ድፈቁት። አረፋ ከወጣ ቀዳዳው እዚያው ነው።

ጋስኬቱም (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) መርፌውም (የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው) አዲስ ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከተርገፈገፈ፣ የጋዝ መስጫውን ዘንግ ወዝውዙት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ዘንጉ ከላላ አየር የሚገባው በዚያ ነው፤ ጋስኬት ብትደራርቡ ለውጥ የለውም።