የጀልባችሁን የዕቃ ሣጥን በር ከመጣላችሁ በፊት
የባሕር ዳር ፀሐይ ለፕላስቲክ አይራራም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል፤ የአሮጌ ጀልባ ሣጥን በሮች ነጭ ዱቄት ያወጣሉ፤ ከዚያ ማጠፊያው ሥር ይሰነጠቃሉ። ዱቄት ብቻ ከሆነ በ400፣ ቀጥሎ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ እሹት። ስንጥቁ ገና አጭር ከሆነ ጫፉን በ3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ብሱት፤ ወደፊት መሄዱን ይገታል። በማስቲሽ ግን አትድከሙ! በሩ ፖሊኤትሊን (የጄሪካን ዓይነት ፕላስቲክ) ከሆነ ሲደርቅ እንደ ልጥ ተልጦ ይነሳል፤ እኔ ሁለት ቱቦ አባክኛለሁ። የተሰበረውን በር እንደ ልክ አስቀምጣችሁ ከወፍራም የፕላስቲክ ሉህ አዲስ ቁረጡ። የብሎኑን ቀዳዳ ከብሎኑ ጥቂት አስፉት፤ ፕላስቲክ በቀትር ይለጠጣል፣ በኃይል ጠብቆ የታሰረውም ይጎብጣል። የጎበጠ በር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስትመለሱ፣ ማዕበሉ ሲነሳ፣ ውሃውን ወደ ሣጥኑ ያስገባል።