አሮጌ ባንድ ሶው ከመሸጥዎ በፊት

አሮጌ ባንድ ሶው፣ ማለትም በመዘውሮች ላይ በሚሽከረከር ቀለበት መሰል መጋዝ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን፣ አጣሞ ሲቆርጥ ብዙ ሰው ሞተሩን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የመዘውሮቹን ላስቲክ ነው። ሶኬቱን ነቅለው ይመልከቱት፤ የእንጨት ብናኝ ከተጋገረበት ይፋቁት፣ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። የፖሊዩሪቴን ላስቲክ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ይለሰልስና በቀላሉ ይገባል።

ቀጥሎ አዲስ መጋዝ፤ በደነዘዘ መጋዝ ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ከንቱ ድካም ነው። ይወጥሩትና መዘውሩን በእጅ እያሽከረከሩ መሃል እንዲይዝ ያድርጉ። መጋዙ ወደ ጎን እንዳይወላገድ የሚይዙት የጎን መሪዎች ከመጋዙ የሚርቁት በአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ይሁን፤ የመጋዙን ጥርስ ግን ፈጽሞ እንዳይነኩ፣ ጥርሱን ይበሉታል። ከመጋዙ ኋላ ያለው ኩሽኔታ መዞር ያለበት እንጨት ሲገፋ ብቻ ነው።

ሥራ ሲያበቁ ውጥረቱን ያላሉ። የብዙ አሮጌ ማሽኖች መጋዙን የሚወጥረው ሞላ የሚደክመው ለወራት ተወጥሮ ስለሚተው ነው።