በልብ ቀዶ ሕክምና ወቅት የአንጎልን የደም ፍሰት መጠበቅ

የአዋቂ ታካሚ ልብ ቆሞ ደሙን የልብና ሳንባ ማሽን በሚያዞርበት ጊዜ፣ አማካይ የደም ግፊቱን ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መያዝ የተለመደ ነው። ለመነሻ ይበቃል። ነገር ግን አንጎል የራሱን የደም ፍሰት ማስተካከል የሚያቅተው ዝቅተኛ ወሰን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። አንዱ 50 ላይ ደህና ነው፤ ለዓመታት በደም ግፊት የኖረው ሌላው ግን 70 ላይም ሊጎድልበት ይችላል። ስለዚህ የያንዳንዱን ታካሚ ወሰን መፈለግ ያስፈልጋል።

ሰመመን ከመስጠታችሁ በፊት ግንባሩን ጠርጋችሁ አድርቁ፤ ከቅንድቡ በላይ ግራና ቀኝ የኒርስ (የአንጎልን ኦክስጅን ከግንባር ላይ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) መለጠፊያዎቹን ለጥፉ። ኦክስጅን ሳይሰጠው የሚነበበውን ቁጥር መዝግቡ፤ በአብዛኛው ከ60 እስከ 75 በመቶ ነው። የግፊት ትራንስዱሰሩ (የደም ግፊቱን የሚለካው መሣሪያ) ከልብ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ግፊቱን በ7 ገደማ አስበልጦ ያሳያል፤ በወሰኑ ጠርዝ ላይ ላለ አንጎል ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ማሽኑ ከተጀመረ በኋላ በመደበኛ የሰውነት ሙቀት ፍሰቱን በደቂቃ ከ2.2 እስከ 2.4 ሊትር በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ያዙ። የደም ቅዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ለታካሚው ሙቀት ሳይታረም ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሁን። ታካሚው ሲቀዘቅዝ የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። የኦክሲጅኔተሩ (በማሽኑ ውስጥ እንደ ሳንባ የሚሠራው ክፍል) የጋዝ ፍሰት እንደነበረ ከተተወ መጠኑ ይወርዳል፣ የአንጎል ደም ሥሮችም ይጠባሉ። ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ኒርሱ ቀስ እያለ ሲወርድ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ኒርሱ ከመነሻው በ20 በመቶ ከወረደ ወይም ከ50 በታች ከሆነ፣ ወደ ግፊት ማሳደጊያ መድኃኒት አትሩጡ። በአንድ ወገን ብቻ ከወረደ የጭንቅላቱን አቀማመጥና የደም ቅዳውን ካኑላ (ደሙ የሚያልፍበት ቱቦ) አቅጣጫ እዩ። በሁለቱም ከወረደ ፊቱን ተመልከቱ፦ አብጧል? ጠቁሯል? ቀዶ ሐኪሙ ልቡን ሲያነሳ የላይኛው ደም መልስ ካኑላ ሊታጠፍ ይችላል፤ ያኔ ደሙ ከጭንቅላት አይወርድም። አማካይ ግፊቱ 65 ቢሆንና በአንገት ደም መልስ የሚለካው ግፊት 20 ቢደርስ፣ ለአንጎል የሚቀረው 45 ነው። ሞኒተሩ ላይ ግን የሚታየው ያው 65 ነው፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። መፍትሔው መድኃኒት አይደለም፤ ወዲያው ለቀዶ ሐኪሙ ተናገሩ፣ ልቡን ይመልስ ወይም ካኑላውን ያስተካክል።

ይህ ከተጣራ በኋላ የማሽኑን ፍሰት ጨምሩ፣ ከዚያም ግፊቱን፤ ግፊት ማሳደጊያው ፊኒልኤፍሪን ከ50 እስከ 100 ማይክሮግራም በቂ ነው። መድኃኒቱ የራስ ቆዳን ደም ሥር ስለሚያጠብ የኒርሱን ቁጥር በራሱ ሊቀንሰው እንደሚችል አስታውሱ። ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ከ21 በመቶ በታች ከሆነ መጀመሪያ ትርፍ ፈሳሹን በማጣሪያ አውጡ፤ ካልበቃ ደም ስጡ። ሰመመኑም ጥልቀቱ እንዳልቀነሰ አረጋግጡ።

የታካሚውን ወሰን ለማወቅ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ግፊቱን በ10 ከፍ አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተከታተሉ። ኒርሱ ግፊቱን ተከትሎ ከወጣና ከወረደ ታካሚው ከወሰኑ በታች ነው፤ ግፊቱን እዚያው ከፍታ ላይ ያዙለት። ካልተነቃነቀ ወሰኑ ውስጥ ነው።

ታካሚው መልሶ ሲሞቅ ጥድፊያው ይበረታል፣ አደጋውም እዚህ ነው። ከኦክሲጅኔተሩ የሚወጣው ደም ከ37 ዲግሪ አይለፍ። 30 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በሚገባውና በሚወጣው ደም መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ዲግሪ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ0.5 ዲግሪ አይብለጥ። አንጎል ሲሞቅ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል፣ የአፍንጫ ቴርሞሜትሩ ደግሞ ከአንጎል ሙቀት ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ታካሚው ከማሽኑ ሲወርድ ኒርሱን አትንቀሉ። ፕሮታሚን (የደም ማቅጠኛውን ሄፓሪን የሚያረክሰው መድኃኒት) ሲሰጥና ደረቱ ሲዘጋ ግፊቱ ሊወድቅ ስለሚችል እስከ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ድረስ ይቆይ።