ጊዛ ሲፋተግ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያስበላው በጋራዥ ውስጥ መለካት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ የጭነት መኪና ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል፤ ጅማ ደርሶ ታምቡሩ ሲፈታ ግን አንዱ ለስላሳና ጠቆር ያለ፣ ሌላው በቦይ የተቦጫጨረ ሆኖ ይገኛል። በጋራዦቻችን የተለመደው ማብራሪያ «ግሎ ነው የተበላው» የሚል ቢሆንም እውነትነቱ ግማሽ ነው። ታምቡሩ የሚሠራበት ጊዛ፣ በመጽሐፍ ስሙ ካስት አይረን፣ ያለ ዘይት ሲፋተግ የሚበላው መጠን ከሙቀቱ ጋር እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ በአንድ የሙቀት ክልል ጨምሮ በሌላው መልሶ ሊቀንስ ይችላል። ይህን በትራፓኖ፣ ማለትም በመብሻ ማሽን፣ እና በጥቂት ዕቃ መለካት ስለሚቻል፣ አሠራሩን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ምን እንደሚለካ መረዳት ያስፈልጋል። በግራጫ ጊዛ ውስጥ ያለው ካርቦን አብዛኛው በቅጠል መልክ የተበተነ ግራፋይት ሲሆን፣ ሁለት ገጾች ሲፋተጉ ወደ ላይ እየወጣ ያለሰልሳል። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ገጹ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ኦክሳይድ ያበጃል፤ ይህ ስስ ሽፋን ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ይከለክላል። በሌላ በኩል ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ሽፋኑን የሚሸከመው መሠረት ሲለሰልስም ሽፋኑ ይሰበራል። የምንለካው እንግዲህ የእነዚህን ተቃራኒ ኃይሎች ውጤት ነው።

ለናሙና የተጣለ የግራጫ ጊዛ ቮላኖ (ከሞተር ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ይበቃል። በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚልጥ ማሽን) ሲላጭ ፍቅፋቂው እንደ ብረት ሽቦ ሳይጠቀለል አጭር አጭር ሆኖ የሚሰባበርና እጅን የሚያጠቁር ከሆነ ግራጫ ጊዛ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ከእሱ ዲያሜትሩ 80፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ዲስክና ዲያሜትራቸው 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ፒኖች (አጫጭር ድቡልቡል ዘንጎች) ያዘጋጁ። ሦስቱ ፒኖች በእኩል ርቀት የሚቆሙበት፣ በትራፓኖው መያዣ የሚታሰር ክብ ማቀፊያ ይሠራል፤ ፒኖቹ በዲስኩ ላይ የሚሄዱበት ክብ ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ፒን ብቻ ቢሆን ትራፓኖው ይንቀጠቀጣል፣ ውጤቱም ይዛባል።

አሮጌ ጊዛ በግራፋይቱ መካከል ዘይት ስለሚመጥ ዘይቱ በሙከራው ጊዜ ቢቃጠል የሚጠፋው ክብደት «ተበላ» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ፒኖቹንና ዲስኩን ለሙከራ እስከታሰበው ከፍተኛ ሙቀት ድረስ አስቀድሞ ማጋል፣ ሲቀዘቅዙም በእርጋታ፣ በውኃ ሳይነከሩ፣ እንዲቀዘቅዙ ማድረግና ከዚያ ገጻቸውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ በአሴቶን ማጠብ ይገባል።

ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ምጣድን ይመስላል፦ በሸክላ ጡብ ላይ ጠለቅ ያለ ቦይ ተቆፍሮ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ ጥቅል) ውስጡ ይተኛል፣ ዲስኩም ጥቅሉን ሳይነካ በቦዩ ከንፈር ላይ ያርፍና እንዳይዞር ከጎን ይታሰራል። ዲስኩም ትራፓኖውም ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ አለባቸው፤ ይህን ሥራ ኤሌክትሪክ ለማያውቅ ሰው መተው አይገባም። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ እንደሚያስፈልግ፣ የተንጠለጠለ ልብስም ከሚሽከረከር ዕቃ አጠገብ እንደማይፈለግ ለጋራዥ ሰው መንገር አያሻም።

ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞካፕል በዲስኩ ጎን በተበሳ ቀዳዳ ይገባል፤ ጫፉ ፒኖቹ ከሚሄዱበት መስመር ሥር፣ ከገጹ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከሙከራው በፊት በፈላ ውኃ ይፈተሻል፤ ነገር ግን ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። መሣሪያው 94 ሲያሳይ «ይዋሻል» ብሎ 100 እንዲያነብ ማስተካከል ትክክለኛውን መሣሪያ ማበላሸት ነው። ቴርሞካፕሉ የሚያነበው የዲስኩን አጠቃላይ ሙቀት እንጂ የሚነካኩትን ጥቃቅን ጉብታዎች እንዳልሆነም ይታወስ፤ እነሱ ለቅጽበት ከንባቡ እጅግ በላይ ይግላሉ። ፍጥነትና ጫና በሁሉም ሙከራ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጫናውን ለማወቅ ትራፓኖው ቆሞ ሳለ ማቀፊያውን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አሳርፈው፣ ሚዛኑ 6 ኪሎ እስኪያነብ ድረስ በመውረጃው እጀታ ላይ ክብደት ያንጠልጥሉ፤ ይህ በሦስቱ ፒኖች ላይ በድምሩ 60 ኒውተን ያህል ይሆናል። በደቂቃ 300 ዙር ሲሽከረከር ፍጥነቱ በሰከንድ 0.94 ሜትር ስለሆነ 1,000 ሜትር ለመሄድ 18 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ለ200 ሜትር ያህል አፋትጎ ገጾቹን ማግባባት፣ ከዚያ ፒኖቹን መመዘን፣ ቀጥሎም ዋናውን 1,000 ሜትር መሄድ ይሻላል፤ አዲስ ገጽ መጀመሪያ ላይ ከልማዱ ውጭ ይበላልና።

ሙከራው ማሞቂያ በሌለበት በክፍሉ ሙቀት፣ ከዚያም በ100፣ በ200፣ በ300 እና በ400 ዲግሪ ይደረጋል፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ፒንና እንደገና የተስተካከለ የዲስክ ገጽ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም ሦስት ጊዜ ይደገማል። የአንድ ጊዜ ውጤት በጊዛ ላይ እምነት አይጣልበትም። ሚዛኑ ሚሊ ግራም የሚለይ መሆን አለበት፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚማር ዘመድ ያለው እዚያ ማስመዘን ይችል እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። ኦክሳይድ ራሱ ክብደት ስለሚጨምር አራተኛ ፒን ሳይፋተግ ዲስኩ ጠርዝ ላይ አብሮ ይሙቅ፤ እሱ የጨመረው ክብደት በሦስቱ ስሌት ላይ ማስተካከያ ይሆናል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ሦስቱ ፒኖች በድምሩ 0.036 ግራም ቢያጡ፣ የጊዛ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.2 ግራም ያህል ስለሆነ የጠፋው 5 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለጫናውና ለርቀቱ ብዜት፣ ማለትም ለ60,000 ሲካፈል በኒውተን ሜትር 0.000083 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይሰጣል።

ከቁጥሩ እኩል ዋጋ ያለው ሲፋተግ የሚወጣው ዱቄት ነው፤ እኔ እንዲያውም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ቀይ ቡናማ ዱቄት ሄማታይት የተባለው ኦክሳይድ ምልክት ስለሆነ መበላቱ ለዘብተኛ ነው። ጥቁር ከሆነ ማግኔታይት የተባለው ሌላው ኦክሳይድ ወይም ግራፋይት ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት ሲቀርብለት ወዲያው የሚሳበው ግራፋይት ብቻ አይደለም። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከታየ ግን ሽፋኑ ተሸንፎ ብረት ብረትን እየቀደደ ነው። ከፍ ባለ ሙቀት ዱቄቱ ወደ መሬት ከመርገፍ ይልቅ በመፋተጊያው ላይ ተጨምቆ ጥቁር፣ መስታወት የመሰለ ንጣፍ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የክብደቱ ኪሳራ ከቀዝቃዛው ሙከራ ቢያንስ ስሕተት ሠርቻለሁ ብሎ ውጤቱን መጣል አይገባም። ይህ ንጣፍ ግን ጫና ሲጨምር ይሰበራል፣ ስለዚህ የ6 ኪሎው ውጤት ለ20 ኪሎ ማስረጃ አይሆንም። ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ አልፎ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ደግሞ በጊዛው ውስጥ ያለው ጠንካራ ፐርላይት እየፈረሰ ወደ ለስላሳ ፌራይትና ግራፋይት ይለወጣል፤ የ18 ደቂቃ ሙከራ ይህን ጉዳት በሚገባ አያሳይም።

ጅማ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። ግራፋይት በደንብ የሚያለሰልሰው በገጹ ላይ እርጥበት ሲኖር ስለሆነ፣ በነሐሴ ዝናብና በጥር ፀሐይ የተደረጉ የክፍል ሙቀት ሙከራዎች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ቀኑና የአየሩ እርጥበት ከውጤቱ ጎን ይጻፍ። ነጥቦቹ በግራፍ ላይ ሲሰፍሩ መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ በ200 እና በ300 መካከል ከሆነ፣ በ250 ዲግሪ ሌላ ሦስት ሙከራ ያክሉ።