ትንሽ ቁስል እንዳያመረቅዝ እንዴት ይታጠባል?

ደህና ቆዳ አብዛኛውን ባክቴሪያ አያሳልፍም። ሲቆረጥ ወይም ሲላጥ ግን ቆዳው ላይ የሚኖሩትም፣ ከአፈር ጋር የመጡትም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ደርሰው ይውጧቸዋል። የሚያቅታቸው የጀርሙ ቁጥር ሲበዛ፣ ወይም ቁስሉ ውስጥ በቀረ ስንጥርና በሞተ ሥጋ ሲሸሸግ ነው። ስለዚህ የእጥበቱ ዓላማ ጀርሙንና ቆሻሻውን ቀንሶ ሥራውን ለእነሱ ማቅለል ነው።

1. መጀመሪያ የራስዎን እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ።

2. ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ወይም በጎዝ ተጭነው ለ10 ደቂቃ ይያዙ። በየመሃሉ ገለጥ እያደረጉ ማየት የረጋውን ደም ስለሚቀድደው መድማቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚህ ካልቆመ እንደተጫኑት ወደ ሐኪም ይሂዱ። ጠልቆ የተሰካ ነገር ካለም አይንቀሉት።

3. ለመጠጥ በሚሆን ንጹህ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጥቡት። ዋናው ሥራ ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለግማሽ ደቂቃ እንኳ አይታገስም። ውሃው መፍሰስ አለበት፤ መዘፍዘፍ ቆሻሻውን አያወጣም። ቧንቧ ከሌለ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን በንጹህ መርፌ በስተው ጠርሙሱን ይጭመቁ፤ ቀጭኑ ፍሰት አሸዋውን ጠርጎ ያወጣል። ሳሙናው ለቁስሉ ዙሪያ ነው። የቀረውን ጠጠር በአልኮል በተጠረገ ወረንጦ ይልቀሙ።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ውስጥ አይጨምሩ። ሲያቃጥል መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን የሚጠግኑትን ሴሎችም ጭምር ነው። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈትቶ መነስነስም አይጠቅምም።

4. ቫዝሊን ስስ አድርገው ቀብተው በፋሻ ይሸፍኑ። እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ከደረቀው ቶሎ ይድናል። ፋሻውን በየቀኑ፣ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ደግሞ ወዲያው ይቀይሩ።

5. በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት መቅላት፣ መሞቅና ትንሽ ማበጥ ያለ ነው፤ የደም ሥሮች ሰፍተው ነጭ የደም ሴሎችን እያሳለፉ ነው። ከዚያ በኋላ መቀነስ አለበት። ከተጠራጠሩ የቀላውን ዳር በእስክሪፕቶ ያስምሩ፤ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ ኢንፌክሽኑ እየተስፋፋ ነው። መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ከቁስሉ ወደ ብብት ወይም ወደ ብሽሽት የሚወጣ ቀይ መስመር፣ ንፍፊት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፦ አንዱም ቢታይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን እስኪያይ መጠበቅ የለበትም።

ሚስማር የወጋው ጠባብ ቀዳዳ ከሰፊ ጭረት ይልቅ ያሰጋል። የቴታነስ ባክቴሪያ አፈርና እበት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ኦክስጅን የሌለበት ጥልቅ ቦታ ሲያገኝ ነቅቶ መርዝ ያመነጫል። መርዙ እጅግ በትንሽ መጠን ስለሚጎዳ የሰውነት መከላከያ ሳይነቃበት ይቀራል፤ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከተብ ያስፈልገዋል። በብዙ አገሮች መመሪያ ቁስሉ ከቆሸሸና የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ይሰጣል፤ ለንጹህ ቁስል 10 ዓመት ነው።

ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሰ ከላይ ያለው የደቂቃ ቁጥር አይሠራም፤ ቁስሉን ራሱን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥበው፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሂዱ።