ፋይበርግላሱ የጠቆረበትን ቦታ ፈልጉ

ከኮርኒሱ በላይ ፋይበርግላስ (ሙቀት እንዳይወጣ የሚነጠፍ፣ ጥጥ የመሰለ የመስታወት ክር) ተነጥፎም ቤቱ ይበርዳል? ሌላ ከመደረባችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ውጡና የተነጠፈውን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ደረቅ ሆኖ የጠቆረ ቦታ ካለ፣ አየር የሚያሾልከው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ እዚያው ሥር ነው። ፋይበርግላስ አየር አያቆምም፤ ያጣራል እንጂ። የሚያልፈው አየር አቧራውን እዚያ ጥሎ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ። ለጠባቡ ሲሊኮን፣ ሰፋ ላለው ከቆርቆሮ የሚነፋው ፎም ይሆናል። የገመድና የቧንቧ ማለፊያዎችን በደንብ እዩ፣ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። ከዚያ ፋይበርግላሱን መልሱት።

የጭስ ማውጫ ዙሪያ ግን ተራ ፎም በፍጹም እንዳትነፉ፤ እሳት ሊይዝ ይችላል። በጣሪያው ጠርዝ ያሉትን የአየር ማስገቢያዎችም አትዝጉ፤ እርጥበቱ የሚደርቀው በእነሱ በሚገባው አየር ነው። ማስክና ጓንት አድርጉ፤ እግራችሁንም እንጨቱ ላይ ብቻ አሳርፉ፣ ኮርኒሱ አይችላችሁም።