አሮጌ መኪና ውሃ ሲያስገባና ሲዝግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምት ሲገባ የአሮጌ መኪና ጉድ ሁሉ ይወጣል። ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል፣ ጋቢናው ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ብዙ ሰው ይሄኔ ቀጥታ ወደ ሲሊኮን ወይም የላሜራ ጉድለት ወደሚሞላበት ስቱኮ ይሮጣል። ውሃው የገባበትን ሳያገኙ ዝገቱን መቀባት ግን ገንዘብ መድፋት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያለችውን ኮሮላ ወይም ቪትዝ አካሏን ጠብቆ ማቆየት ለብዙዎቻችን የግድ ሆኗል። ሞተር ይታደሳል። የበሰበሰ አካል ግን በቀላሉ አይመለስም።

ርጥበቱ የታየበትን ቦታ መድፈን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ውሃ በላሜራው ላይ ተንሸራቶ፣ በሽቦዎች ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከገባበት ብዙ ርቆ ነው የሚንጠባጠበው። የጋቢናው እግር ማስቀመጫ ረጥቦ፣ ውሃው የሚገባው ግን ከፊት መስታወቱ የላይኛው ጥግ ሊሆን ይችላል። ወይም ከመስታወቱ ስር፣ ተርጂው (የዝናብ መጥረጊያው) ከሚቆምበት ቦታ። እዚያ ውስጥ የዝናብ ውሃ ማውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። መኪናዋ ዛፍ ጥላ ስር የምታድር ከሆነ ቅጠሉና አፈሩ ተጠራቅሞ ይደፍናቸዋል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና ያንን ቦታ በእጃችሁ ጥረጉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

ካላለቀ መፈተሽ ነው። ምንጣፉን አንሱ፣ ውስጡን በደንብ አድርቁ። አንድ ሰው የስልክ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ቀስ አድርጎ ውሃ ያፍስስ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ እየቆየ። ከጣሪያው ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያዳርስ በየት እንደገባ አታውቁም። የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ደግሞ ደህናውን ጎሚኒ (ውሃ የሚከለክለውን የጠርዝ ጎማ) ሁሉ አልፎ ስለሚገባ ያሳስታችኋል። በበርና በኮፎ ባጋጁ (በኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን) ጎሚኒ ዙሪያ የተፈጨ ጠመኔ ብትነሰንሱ፣ ውሃው ያለፈበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁሉንም ውሃ የዝናብ ነው ማለት

በጋ ላይ ምንጣፉ ከረጠበ ዝናብን ተዉት። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ድረስ ኤሲ ከፍታችሁ ነድታችሁ ከሆነ፣ የኤሲው ውሃ ማውጫ ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ኤሲ ሲሠራ ከመኪናው ስር ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ከስር ካልወጣ ወደ ውስጥ እየሄደ ነው።

ሌላው የማሞቂያው ራዲያተር ነው። ይሄኛው ሲያፈስ ውሃው ቀለም ይኖረዋል፣ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ መስታወቱ ላይ ቅባት ነገር ያስቀራል። ግን እኛ አገር ብዙ ሰው ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ ሽታውንና ቀለሙን ብቻ አትመኑ። የራዲያተሩ ውሃ እየቀነሰ እንደሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ተመልከቱ።

በሩን ፈትቶ ላስቲኩን መጣል

በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጤነኛ ነገር ነው። በመስታወቱ ጎን ወርዶ በበሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ከበሩ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ነው ውሃው ወደ ጋቢና እንዳያልፍ የሚከለክለው። ስፒከር ሲገጠም ወይም የመስታወት ማንሻ ሲሠራ ያ ላስቲክ ተቀዶ ይጣላል። ባለቤቱም ከወራት በኋላ ክረምት ሲመጣ ምንጣፉ ለምን እንደራሰ ግራ ይገባዋል። በራችሁ ሲፈታ ቁሙና እዩ። ላስቲኩ ከተቀደደ ወፍራም ላስቲክ ተቆርጦ ዙሪያውን በደንብ ይለጠፍ።

የበሩ ታች ቀዳዳዎችም በጭቃ ወይም በቀለም እንዳይደፈኑ ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ አጽዱ። የበር ታች ብዙ ጊዜ ከውስጥ የሚዝገው እነሱ ሲዘጉ ነው።

ሲሊኮን በሁሉም ነገር ላይ

አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ ያልተቀባ ብረት ላይ ከሆነ ደግሞ ራሱ ዝገት ያስነሳል። ቀለምም አይዘውም። ለመስታወት የተሠራው የመኪና ማጣበቂያ ሌላ ነው።

መስታወት ሲቀየር ደግሞ አሮጌው ማጣበቂያ በምላጭና በሽቦ ስለሚቆረጥ የላሜራው ቀለም ይጫራል። ያ ጭረት ፕራይመር (ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ የመጀመሪያ ቅብ) ሳይቀባ አዲሱ መስታወት ከላዩ ከተለጠፈ፣ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱ ማጣበቂያውን ያነሳዋል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል። መስታወት ያስቀየራችሁ ሰዎች መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ፈትሹ።

ላዩን አድርቆ መተው

ምንጣፉን በእጃችሁ ስትነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ከስሩ ያለው ስፖንጅ ግን ለሳምንታት ውሃ ይይዛል። በተለይ ሞኬቱ ላይ የላስቲክ ንጣፍ የተደረገባቸው መኪኖች ውስጥ እንፋሎቱ መውጫ የለውም፣ ወለሉ ዝም ብሎ ይበላል። ወንበሩ ይፈታ፣ ምንጣፉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይዋል። ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ያበጠውን ቀለም ፍቆ ስቱኮ መሙላት

ቀለሙ እንደ ብጉር ካበጠ ዝገቱ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ጀምሮ ነው የመጣው፣ የምታዩት ጫፉን ነው። ላዩን ፍቆ ስቱኮ መለጠፍ ለጥቂት ወር ያሳምራል። ስቱኮ ርጥበት ይጠጣል፣ ስለዚህ ከስሩ ያለው ብረት ከበፊቱ ብሶ ይበላል። ዝገቱ የላይ ብቻ ከሆነ እስከ ንጹህ ብረት ተፍቆ ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ዝገት ወደ ጥቁር ሽፋን የሚቀይረው ፈሳሽም ይሠራል፣ ግን የሚራገፈው ዝገት መጀመሪያ ተራግፎ ከሆነ ብቻ ነው። ብረቱ ከተበሳ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ። ባትሪው ሳይነቀል ብየዳ አይጀመር። እባካችሁ ደግሞ ባቲላሜራው ከብየዳው ጀርባ ያለውን ጎን እንዲቀባው ጠይቁ፣ ምክንያቱም እሳቱ እዚያ የነበረውን ቀለም ያቃጥለዋል፣ ማንም ስለማያየው ይረሳል፣ ዝገቱም በዚያው ተመልሶ ይመጣል።

ከስር የተቀባ ጥቁር ነገር አይቶ መደሰት

ዝገት ላይ ሬንጅ ከተቀባ ርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። ለመሸጥ የቀረበች አሮጌ መኪና ስሯ አዲስ ጥቁር ቀለም ከሆነ ተጠራጠሩ፣ በመፍቻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ቆርቁሩ። የበሰበሰ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። በእጥበትና ግራሶ ቤት ናፍጣ ማስረጨትም ዝገት አያቆምም፣ የመኪናዋን እግር (ጎማዎቹን ከአካሉ ጋር የሚያገናኙትን ክፍሎች) ጎሚኒዎች ግን ያበላሻል።

በጋ ላይ የምትገዙ ከሆነ ዝናቡ አይረዳችሁም። ስኮርታውን አንስታችሁ ጉድጓዱን እዩ፣ የደረቀ የውሃ መስመር ወይም ዝገት ካለ የኋላ መብራቶቹን ጎሚኒ ተከተሉ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ታችና በጎማው ዙሪያ ባለው ላሜራ ላይ አስኪዱት፣ ስቱኮ በወፈረበት አይይዝም። ባምፐር ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አትሞክሩት። ከአውሮፓ የመጣች መኪና ከሆነች በክረምት መንገዳቸው ላይ ጨው ስለሚበትኑ ስሯን በተለየ ጥንቃቄ ፈትሹ። በር ላይ ወይም ፓራፋንጎ ላይ ያለ ዝገት ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የእግሩ መያዣ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተበስቶ ካገኛችሁት ግን ደላላው የፈለገውን ያህል ቢቀንስላችሁ አትግዟት።